ጠፍጣፋ የተባለው ገጽ

መምህሩን መጠርጠር የጀመርኩት ኮምፒውተራቸውን ወደ ግድግዳ ባዞሩበት ጠዋት ነው።

ደሴ ላይ፣ የጦሳ ተራራ በመስኮቷ የሚታይባት፣ ስድስት ኮምፒውተር የተደረደረባት ጠባብ ክፍል ነበረችን። በሩን ከፍቼ ስገባ መምህሩ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ገና ሰላምታ ሳልሰጥ እጃቸውን ዘርግተው ስክሪኑን ቀስ አድርገው አዞሩት። ፀሐይ እንዳይመታው የሚከላከል ሰው ይመስላሉ። በዚያ ጠዋት ግን ከተማው ሁሉ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ፀሐይ የሚባል ነገር አልነበረም።

«ደህና አደርሽ፣ እህቴ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ መምህር። እርስዎስ?» ክርስቲያን ነኝ፤ ግን የእናቴ ወገኖች ሙስሊም ናቸው፤ ወሎ ውስጥ ደግሞ ይህ ቃል የሁሉም ነው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔም ቦታዬ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ሥራ ሠራሁ ማለት አልችልም። ጀርባቸውን ሳይ ዋልኩ።

ሁለታችንም የኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ነበርን። እኔ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ፈረቃዬን አስተካክዬ በሚኒባስ ወደ ደሴ እወጣለሁ። ኮምቦልቻ ላይ ላብ እያጠመቀኝ ተሳፍሬ፣ ጠመዝማዛውን ዳገት ስንጨርስ ሹራቤን አወጣለሁ። መምህሩ ደግሞ ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ቢስቲማ ላይ ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ወንበራቸውን እንኳ ሳያስጮኹ ወጥተው፣ ሳያስጮኹ ይመለሳሉ። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤተሰባቸው ይሄዳሉ።

የምናጠናው ጋዝ ብረት ላይ እንዴት እንደሚለጠፍ ነበር። ጋዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ በተዘጋ ቤት የከሰል ምድጃ ይዞ የተኛን ሰው ሳያስነቃ የሚገድለው፣ ከመኪና ጭስም ጋር የሚወጣው፣ ሽታ የሌለው ጋዝ። ካታሊስት የሚሆን፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ለውጡን የሚያፋጥን ብረት ይህን ጋዝ ይይዘውና ከኦክስጅን ጋር አገናኝቶ፣ ያን ያህል ወደማይጎዳ ነገር ቀይሮ ይለቀዋል። ችግሩ አያያዙ ላይ ነው። ብረቱ ከልክ በላይ አጥብቆ ከያዘው ጋዙ አልነሳም ብሎ ቦታውን ይዘጋዋል። ከልክ በላይ አላልቶ ከያዘው ደግሞ ጋዙ ምንም ሳይሆን ተመልሶ ይበራል። እኛ የያዝነው ብረት ከሁለት ብረቶች የተሠራ ነው፤ ከላይ ፕላቲነም፣ ከሥሩ ኒኬል። እውነተኛውን ብረት በዓይናችን አይተነው አናውቅም። ኮምፒውተር ውስጥ ጥቂት ደርዘን አቶሞች እንደረድርና ሞዴል እንሠራለን፤ ጋዙን እላዩ ላይ እናስቀምጣለን፤ ኮምፒውተሩ ለቀናት ያሰላል። መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ ብረቱ ጋዙን ምን ያህል አጥብቆ እንደያዘው ይናገራል።

አማካሪያችን የመጀመሪያ ቀን ነገሩን ያስረዱን በመስኮቱ ወደ ተራራው እያሳዩ ነው። ከመምህሩ በዕድሜ ያንሳሉ፤ ፈጣን፣ ተጫዋች፣ ልብሳቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ዶክተር ናቸው።

«ያንን እርከን አያችሁት? ብረትም ሲቆረጥ እንዲህ ነው። አንዳንዱ ገጽ ሜዳ ይሆናል፤ አንዳንዱ እርከን እርከን ይሆናል። ሜዳው መሃል ያለ አቶም ዙሪያውን ጎረቤት አለው፤ እጁ ሙሉ ነው። ጠርዝ ላይ ያለው ግን በአንድ ወገን ጎረቤት የለውም። ስለዚህ የመጣለትን ጋዝ ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። የገጹ ቅርጽ ነው የሚወስነው።»

ለእኔ ጠፍጣፋውን ገጽ ሰጡኝ፣ ለመምህሩ ባለ እርከኑን። ግን ወደየሥራችን ከመግባታችን በፊት ሁለታችንም ለሙከራ ያህል አንድ ዓይነት ስሌት እንድንሠራ አዘዙን። ያው ጠፍጣፋ ገጽ፣ ያው ፕላቲነምና ኒኬል፣ ያው ጋዝ። እኔ የገጹን ሞዴል ከባዶ አልሠራሁም። አማካሪያችን ራሳቸው ከዓመታት በፊት የተጠቀሙበትን ፋይል ሰጡኝ፤ አመስግኜ ተቀበልኩ። መምህሩ ግን «እኔ ከመጀመሪያው ልሥራው፤ ካልሠራሁት አይገባኝም» ብለው የራሳቸውን ደረደሩ።

ቁጥሮቻችን አልተገናኙም። የእኔ ቁጥር አማካሪያችን ቀደም ሲል አንድ መጽሔት ላይ ካሳተሙት ጋር ቁርጥ አንድ ነው። የመምህሩ ግን ራቅ ያለ ነው፤ በእሳቸው ስሌት ብረቱ ጋዙን የሚይዘው በጣም ላላ አድርጎ ነው። አማካሪያችን የእኔን ሲያዩ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። የመምህሩን ሲያዩ «እንደገና ይሞክሩት» ብቻ አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። በዚያ ዓመት ከሁለታችን አንዳችን አዲስ አበባ ሄዶ ለሦስት ወር በትልቅ ኮምፒውተር የሚሠራበት ዕድል ነበር። አንድ ቦታ ብቻ። መራጩ አማካሪያችን ናቸው። ስለዚህ መምህሩን ስጠረጥር ጥርጣሬዬ ለእኔ የሚጠቅም ጥርጣሬ ነበር። ያኔ ይህን ለራሴ አልነገርኩም።

ስክሪኑ ከዞረበት ቀን በኋላ ሁሉ ነገር ምልክት ሆነብኝ። መምህሩ ከሁላችን በፊት ይገባሉ፤ ለምን? ማስታወሻ ደብተራቸውን ከእጃቸው አይለዩም፤ ለምን? አንድ ቀን ረስተውት ሲወጡ ገልጬ አየሁት። ከዳር እስከ ዳር በአረብኛ ፊደል ተጽፏል፤ የሚነበበኝ ቁጥሩ ብቻ ነው። ከቁጥሮቹ መሃል ደግሞ የራሴን አየሁ። የእኔ ቁጥር፣ እስከ መጨረሻዋ አኃዝ ድረስ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ስልኬን አውጥቼ ገጹን ፎቶ አነሳሁት። ሲመለሱ ቦታዬ ተቀምጬ ነበር።

በሌላ ቀን ደግሞ የሁላችንም ሥራ የሚቀመጥበትን የጋራ ማኅደር ከፍቼ የእሳቸውን ፋይሎች ቀን በቀን አየሁ። አንዱ ፋይል የተጻፈው ደሴ ቀኑን ሙሉ መብራት ባልነበረበት ማክሰኞ ነው። ያን ማክሰኞ አስታውሰዋለሁ፤ ከኮምቦልቻ መጥቼ ክፍሉ ጨለማ ሆኖ፣ ኮምፒውተሩ ሁሉ ጠፍቶ ተመልሻለሁ። ያለ መብራት ማን አሰላው? ቁጥሩን በእጃቸው ጽፈውታል አልኩ። አተምኩትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በዚያው ሰሞን መምህሩ ያለወትሯቸው ወደ እኔ ጠጋ ብለው ተቀመጡ።

«እህቴ፣ ያንን ገጽሽን በሥዕል ከፍተሽ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«የምን ሥዕል?»

«አቶሞቹን። ቁጥሩን ሳይሆን አደራደሩን። ከጎን፣ ከላይ።»

«ፋይሉ እኮ የዶክተር ነው፣ መምህር። እሳቸው አይተውታል።»

«እሱስ ልክ ነው» አሉ። ተነስተው ከመሄዳቸው በፊት ትንሽ ቆሙ። «ጊዜ ካገኘሽ ግን እዪው።»

ይሄ ሰው ሊያዘናጋኝ ነው አልኩ በልቤ። የራሱ ጉድ ሊወጣ ሲል የእኔ ላይ ዓይን ሊጥል። በልቤ «አንቱ» ማለት አቁሜ እንደነበር ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት አማካሪያችን ቢሮ ገብቼ የታተመውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ስለ ማክሰኞው ነገርኳቸው፤ ስለ ዞረው ስክሪን፣ ደብተር ላይ ስለተገኘው ቁጥሬም። ደብተሩን ከፍቼ ፎቶ ማንሳቴን ግን አልተናገርኩም፤ «በአጋጣሚ አየሁ» አልኩ።

አማካሪያችን ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ መምህሩን አስጠሩ። እንድወጣ የሚሉ መስሎኝ ብድግ ስል «ተቀመጪ» አሉኝ። ይህን እስከ ዛሬ አልወደውም። በመምህሩ ፊት ተቀምጬ መዋል ነበረብኝ።

«ይህ ፋይል መብራት በሌለበት ቀን ነው የተጻፈው» አሏቸው። «ምን ይላሉ?»

መምህሩ ወረቀቱን አንስተው አዩና መልሰው አኖሩት። ወደ እኔ አላዩም።

«እኔ ያላገኘሁትን ቁጥር ጽፌ አላውቅም፣ ወላሂ።»

«ታዲያ የእርስዎ ለምን ከእኛ ጋር አይገናኝም?»

«የእኔን ያዩትን ያህል የእሷንም ይዩት፣ ዶክተር።»

«የእሷን አይቻለሁ። ከእኔው ጋር አንድ ነው።»

አማካሪያችን ነገሩ እስኪጣራ ድረስ የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል እንደሚቀይሩባቸው ነገሯቸው። መምህሩ «እሺ» ብለው ወጡ። በሩን በቀስታ ዘጉት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ወንበራቸው ባዶ ነበር። አንዱ ተማሪ ጓዛቸውን ጠቅልለው ቢስቲማ ገብተዋል አለኝ። አዲስ አበባ እንደምሄድም ተነገረኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ኮምቦልቻ የምኖረው ከእናቴ እህት ጋር ነው፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አክስቴ ዜናውን ስትሰማ እልል ብላ ጎረቤት ጠራች። እኔ ግን እህል አልበላ አለኝ።

«ምነው የኔ ዓለም? ለዚህ አይደል እንዴ ዳገት ስትወጪ ስትወርጂ የከረምሽው?»

«ደክሞኝ ነው።»

«አብሽሪ፤ ድካም ነው ያልፋል» አለች፤ ግን ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። አክስቴን ማታለል ከባድ ነው።

አንድ እሑድ ጠዋት የዘመድ ሠርግ ፎቶ ልይ ብላ ስልኬን ወሰደች። መነጽሯን አድርጋ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ በአንድ ጣቷ እየገፋች ታያለች። «ይህቺ ወፈረች… ይሄ ማነው? … ውይ ቀሚሱ ሲያምር…» ስትል ቆይታ ጣቷን አንድ ፎቶ ላይ አቆመች። ከዚያ፣

«ይሄን ማን ነው የጻፈው?»

ዘልዬ ሄድኩ። የደብተሩን ፎቶ ይዛለች።

«አንድ… የትምህርት ቤት ሰው። አረብኛ ነው፤ ተይው።»

«የምን አረብኛ? አማርኛ ነው እንጂ!»

«ምን?»

«ፊደሉ ነው የአረብ። ቃሉ አማርኛ ነው። አባታችን አላህ ይዘንለትና ደብዳቤ የሚጽፈው እንዲህ ነበር። የድሮ ሰው እንዲህ ነው የሚጽፍ።»

ከአንድ ወር በላይ ኪሴ ውስጥ ይዤው የዞርኩት ጽሑፍ በራሴ ቋንቋ የተጻፈ ነበር። «አንብቢልኝ» አልኳት። አክስቴ ስልኩን አራቅ አድርጋ፣ እየቆመችና እየደገመች አነበበችው።

«የእህታችን ገጽ… ጠፍጣፋ አይደለም። መሃሉ ላይ… አንድ መስመር… አንድ መስመር አቶም ጎድሎበታል፤ እርከን ሆኗል። ጋዙ ያረፈው ጠርዙ ላይ ነው። ቁጥሯ የከበደው ለዚህ ነው። ሦስት ጊዜ አሰላሁት፤ ያው ነው። ፋይሉ ደግሞ… የዶክተር ነው። መስመሩን ያጎደለው ማን ነው? ያ ረቢ፣ ይሄ እንዴት ተብሎ ይነገራል?»

አክስቴ መነጽሯን አወለቀች። «አቶም ምንድን ነው? እህታችን የሚልሽ አንቺን ነው?»

በማግስቱ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዤ ደሴ ወጣሁ። ፋይሉን በሥዕል ለመክፈት የፈጀብኝ ጊዜ ሻይ ጠጥቶ ከመጨረስ ያነሰ ነው። አቶሞቹ ክብ ክብ ሆነው ስክሪኑ ላይ ወጡ፤ ፕላቲነሙ ግራጫ፣ ኒኬሉ አረንጓዴ። ከላይ ሳየው ምንም አልታየኝም። ወደ ጎን አዘነበልኩት። ከላይኛው ንጣፍ መሃል አንድ መስመር የለም። እንደ ጎደለ ጥርስ ክፍት ነው። የእኔ ጋዝ የተቀመጠው ከዚያ ክፍት ቦታ አጠገብ፣ በአንድ ወገን ጎረቤት የሌለው አቶም ላይ ነው። ጠፍጣፋ ነው ብዬ ወራት የሠራሁበት ገጽ ጠፍጣፋ አልነበረም።

ኮምፒውተሮቹን የሚጠግነውን ባለሙያ ፈልጌ ስለዚያ ማክሰኞ ጠየቅኩት። ሳቀ። «የዚህ ክፍል ኮምፒውተሮች የሰዓታቸው ባትሪ የሞተ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የመሰላቸውን ቀን ነው የሚይዙት። የራስሽን አላየሽም?» አየሁ። ከእኔ ፋይሎች ሁለቱ ገና ትምህርት ባልጀመርኩበት ዓመት የተጻፉ ነበሩ። የእኔን ቀን ለማየት አንድም ጊዜ አስቤ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ አማካሪያችን ቢሮ ገባሁ። ሥዕሉን አሳየኋቸው። ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተደገፉ። መጀመሪያ የጠየቁኝ ይሄ ምንድን ነው ብለው አይደለም።

«ይሄን ማን አሳየሽ?»

«ራሴ ነኝ ያየሁት።»

«ከእኔ ሌላ ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ጥሩ። የሚቀጥለው ሰኞ እንነጋገራለን። እስከዚያ እዚሁ ይቆይ።»

ወጥቼ ደረጃው ላይ ስቆም ጥርጣሬዬ ቦታ እንደቀየረ ገባኝ። የተሳሳተ ሰው የሚጠይቀው «እንዴት ተሳሳትኩ?» ብሎ ነው እንጂ «ማን አውቋል?» ብሎ ነው እንዴ? ያ ፋይል የታተመው ጽሑፋቸው መሠረት ነው። ተመልሼ ክፍሉ ገባሁና ፋይሉን በፍላሽ ገልብጬ መሀረቤ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት። እስከ ሰኞ የሚጠፋ መሰለኝ። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴትዮ ሳይቀር በጥርጣሬ አየኋት።

ቅዳሜ ቢስቲማ ሄድኩ። ሐይቅ ከተማ ድረስ በአንድ መኪና፣ ከዚያ በሌላ። የመምህሩን ቤት ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ የጠየቅኩት የመጀመሪያው ሰው ተማሪያቸው ነበር። ባለቤታቸው በሩን ከፍተው፣ ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ «ግቢ ልጄ፣ ፀሐይ መታሽ» ብለው እርጎ አቀረቡልኝ። መምህሩ መሬት ላይ በተነጠፈ ሰሌን ላይ ተቀምጠው የፈተና ወረቀት ያርማሉ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

ለመናገር ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። «ገጹን በሥዕል አየሁት» ብቻ አልኩ።

«አየሽው?»

«አንድ መስመር ጎድሏል።»

«አዎ» አሉ። «ጎድሏል።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ደብተራቸውን መክፈቴን፣ ፎቶውን፣ አክስቴ ማንበቧን፣ ለአማካሪያችን የነገርኩት እኔ መሆኔን። የመጨረሻውን እንደሚያውቁ አውቃለሁ፤ ግን ከአፌ መውጣት ነበረበት። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ባለቤታቸው እርጎውን እንድጠጣ በዓይናቸው ጠቆሙኝ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ መምህር።»

«አላህ ይቅር ይበለን። እኔም ንጹሕ አይደለሁም።»

«እርስዎ ምን አደረጉ?»

«ስክሪኑን ያዞርኩ ቀን ያንቺን ፋይል ከፍቼ ነበር። ሳላስፈቅድሽ። ሌብነት መስሎ ስለተሰማኝ ነው ያዞርኩት።» ጺማቸውን ዳበስ አደረጉ። «ጉድለቱን ሳይ ደግሞ ክፉ ነገር አሰብኩ። ይቺ ልጅ አውቃ ነው አልኩ። ዶክተርን ለማስደሰት፣ ቁጥሩ እንዲገጥምላት፣ አቶሙን ራሷ ነቅላዋለች አልኩ።»

«እኔን ጠረጠሩኝ?»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ። ለዚህ ነው በሥዕል አይተሽዋል ወይ ያልኩሽ። ፊትሽን ለማየት።»

«ፊቴ ምን ይል ነበር?»

«ተቆጣሽ። የሚያውቅ ሰው ይደነግጣል እንጂ አይቆጣም። አለማወቅሽን ያኔ አወቅኩ።»

«ታዲያ ቢሮ ውስጥ ለምን አልተናገሩም?»

ወደ ወረቀቶቹ አዩ። «ተማሪ ፊት መምህሩን ማዋረድ አልችልም። እኔም መምህር ነኝ። ይህን ትሕትና ነው ስል ከርሜያለሁ፤ ፍርሃትም ሊሆን ይችላል።»

ስለ አማካሪያችን ጠየቅኳቸው፤ ያውቁ ኖሯል ወይ ብዬ። «የሰው ልብ የሚያውቀው አላህ ነው» ብለው ዘጉት። እኔ ግን እንዲህ ባለ መልስ የምዘጋ ሰው አይደለሁም።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ፍላሹ አሁንም መሀረቤ ላይ ነበር። አላስፈለገም። አማካሪያችን ሥዕሉን አትመው ጠረጴዛው ላይ ዘርግተውታል፤ የጎደለው መስመር በቀይ ተከቧል። ሁልጊዜ የሚተኮሰው ሸሚዛቸው በዚያ ቀን ተጨማድዶ ነበር።

«የሠራሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ባለ እርከኑን ገጽ ስሞክር የቆረጥኩት ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ጠፍጣፋ ብዬ ስም ሰጥቼ አስቀመጥኩት። ስሙን አምኜ ቀጠልኩ።» ለመጽሔቱ የጻፉትን የእርማት ደብዳቤ አሳዩኝ። ከዚያ በፊቴ ስልክ አንስተው ወደ ቢስቲማ ደወሉ። «መምህር፣ እርስዎ ልክ ነበሩ፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» ሲሉ ድምፃቸው አንድ ጊዜ ተቆረጠ። ከወዲያ በኩል ምን እንደተባለ አልሰማሁም።

ያመንኳቸው በዚያች ሰዓት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን የጋራ ማኅደሩ ውስጥ፣ በእሳቸው አሮጌ ሥራዎች መሃል፣ ሌላ ፋይል አገኘሁ። ያው ገጽ፣ መስመሩ ሳይጎድል፣ በትክክል የተሠራ። ቀኑ ጽሑፋቸው ከመታተሙ በፊት ነው። እውነተኛውን ጠፍጣፋ ገጽ ቀድመው ሠርተውት፣ ቁጥሩ ስላላማራቸው ትተውት ይሆን? ወይስ ከእኔ ጋር ከተነጋገርን በኋላ፣ በዚያ ሳምንት፣ ስህተቱን ለማረጋገጥ ሠርተውት የሞተ ባትሪ ያለው ኮምፒውተር የድሮ ቀን ሰጠው? በዚያ ክፍል ቀን ምስክር እንደማይሆን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። አልጠየቅኳቸውም። አንድ ሰው ላይ በቀን ምክንያት ፈርጄ ያየሁትን አይቻለሁ። ግን ፋይሉን አልረሳሁትም፤ አማካሪያችን ሲስቁ አንዳንዴ ትዝ ይለኛል።

አዲስ አበባ መምህሩ ሄዱ። ቦታውን የለቀቅኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር፤ አክስቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ «ካልሄዱ ይቺ ልጅ እህል አትበላልኝም» ብላ እስክትለምናቸው ድረስ። ሦስቱን ወር በባለ እርከኑ ገጽ ላይ ሠሩ። ያገኙት ነገር ደስ የሚል ነው። የእርከን ጠርዝ ጋዙን አጥብቆ ይይዛል፤ ይህን ሁላችንም እንጠብቅ ነበር። ነገር ግን ከጠርዙ ሥር ኒኬል ሲቀመጥ ፕላቲነሙ አያያዙን ላላ ያደርጋል። ኒኬሉ አንድ ንጣፍ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ደግሞ ውጤቱ ያን ያህል አይሰማም። ቅርጹ ወደ አንድ ወገን ይስባል፣ ከሥር ያለው ጎረቤት ወደ ሌላ። የእኔ የተሳሳተ ፋይልም በመጨረሻ ለንጽጽር ገባ፤ መስመር የጎደለበት ገጽ በሚል እውነተኛ ስሙ። መመረቂያ ጽሑፌን ከታሰበው ዘግይቼ አቀረብኩ። መምህሩ ከቢስቲማ መጥተው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ፤ ጥያቄ አልጠየቁም።

ለአክስቴ የምንሠራውን አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ስለ ከሰሉ ጋዝ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ፤ የምታውቃት አንዲት ጎረቤት ደሴ ላይ በክረምት በተዘጋ ክፍል ውስጥ በከሰል ታፍና ነበር፤ ሰው ደርሶላት ነው የተረፈችው። «እና እናንተ ብረቱን ስታዩ ይሄ ጋዝ ይጠፋል?» አለችኝ። «ገና ነው» አልኳት። «እንግዲያው መስኮት መክፈቱን አልተውም» አለች።

አሁን ሙሉ ጊዜዬን ኮምቦልቻ ፋብሪካው ውስጥ ነኝ። ከመምህሩ ጋር ብዙ አንገናኝም፤ በኢድና በፋሲካ እንደዋወላለን። ባለፈው ወር ግን በሥራ ሰዓት ደወሉልኝ። ስለ ሌላ ጥምር ብረት፣ ስለ ፓላዲየምና መዳብ፣ አዲስ ጽሑፍ እያዘጋጁ ነው።

«ከመላኬ በፊት እንድታዪልኝ ነው» አሉ።

«እኔ? ከዶክተር ይልቅ?»

«ዶክተር ያምኑኛል። አንቺ አታምኚኝም። የሚያስፈልገኝ አንቺ ነሽ።»

ስቄ ተቀበልኩ። ሳነበው ግን አልሳቅኩም። እያንዳንዱን ሥዕል ከጎንም ከላይም አዘንብዬ አየሁ። ሁለት ስህተት አገኘሁበት። አንዱን ወዲያው ተቀበሉኝ። ሁለተኛውን ስህተት አይደለም ይላሉ፤ እስካሁን በስልክ እየተከራከርን ነው።